«ሲስተም የለም» ሲባል ምን የለም?

«ሲስተም የለም።» ይህችን አባባል ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ካለ ባንክ ቤት ረግጦ የማያውቅ መሆን አለበት። መብራት አለ፤ ኮምፒውተሩ በርቷል፤ ኢንተርኔቱም ይሠራል። ገንዘብ ከፋይዋ ግን ስክሪኑን አይታ፣ ቀና ብላ እኛን አይታ፣ «ሲስተም የለም፤ ትንሽ ታገሱ» ትላለች። ሲስተሙ የት ሄደ? መቼ ይመለሳል? የሚመልስ የለም፤ የሚጠይቅም የለም። እንደ ክረምት ዝናብ ቆመን እስኪያባራ እንጠብቃለን።

የእኔ እንጀራ ያለው ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ነው፤ «የለም» የተባለውን ሲስተም ፈልጎ ማምጣት። በዚህ ሥራ ስቆይ አንድ ነገር ገብቶኛል። ድረ ገጽ በሰው ብዛት ሲንበረከክ አብዛኛውን ጊዜ የሞተ ነገር የለም። ሰርቨሩ በሕይወት አለ፤ ዳታውም በቦታው ነው። የጠፋው ወደ ዳታቤዙ የሚያስገባው መስመር ነው። መስመሩም የጠፋው ቁጥሩ ስላነሰ ሳይሆን ሥራ ሳይሠሩበት ይዘውት የተቀመጡ ስላሉ ነው። ይህን ያልኩት አስቀድሜ ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን፣ እኔም ጭምር፣ መጀመሪያ የምንሮጠው ቁጥሩን ለመጨመር ነውና።

ቢሯችን መገናኛ ነው። ስሙ ራሱ ለዚህ ጉዳይ የተሰፋ ይመስላል። የሾላው፣ የኮተቤው፣ የቦሌው፣ የ4 ኪሎው፣ የሲኤምሲውና የአያቱ መንገደኛ እዚህ ይገናኛል፤ እዚሁ ይለያያል። ከ11 ሰዓት በኋላ ከመስኮቴ በታች ያለው የታክሲ ሰልፍ እየረዘመ ሄዶ የሕንፃውን ጥግ ይዞራል። ለአዲስ ሠራተኛ ስለ ኮኔክሽን ማስረዳት ሲኖርብኝ ሰሌዳ አልፈልግም። መስኮቱ ጋ ወስጄ «ቁልቁል ተመልከት» እለዋለሁ።

ሰው ስልኩ ላይ አንድ ገጽ ሲከፍት ጥያቄው መጀመሪያ የሚደርሰው ዌብ ሰርቨሩ ዘንድ ነው። ዌብ ሰርቨሩ ደግሞ ስም፣ ውጤት፣ ዋጋ ወይም ቀሪ ሂሳብ ሲያስፈልገው ወደ ዳታቤዙ ይሄዳል። ዝም ብሎ ግን አይገባም። በር ያንኳኳል፣ ማንነቱን ይናገራል፣ የይለፍ ቃሉ ይታይለታል፣ ከዚያ ወንበር ይሰጠዋል። ኮኔክሽን የሚባለው ያ ወንበር ነው። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ያስነሳል፤ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ደግሞ አንድ ትሬድ ይመድባል። ሁለቱም ሜሞሪ ይበላሉ፤ እንግዳው ጥያቄ ቢጠይቅም ዝም ብሎ ቢቀመጥም ይበላሉ። ስለዚህ ወንበሩ በቁጥር ነው።

ቁጥሩ ስንት ነው? ማንም ካልነካው ማይኤስኪውኤል 151፣ ፖስትግሬስ 100 ይፈቅዳል። ከፖስትግሬሱ 100 ውስጥ 3ቱ ለአስተዳዳሪ የተቀመጡ ስለሆኑ ለተራው ተጠቃሚ የሚተርፈው 97 ነው። ማይኤስኪውኤልም ከ151ዱ በላይ አንዲት ወንበር ለአስተዳዳሪ ደብቆ ያስቀምጣል፤ ቤቱ ሲሞላ ባለቤቱ በጓሮ ገብቶ እንዲያይ ነው። የሚያሳዝነው፣ ባየኋቸው ብዙ ድረ ገጾች ፕሮግራሙ ራሱ ወደ ዳታቤዙ የሚገባው ሩት በሚባለው የአስተዳዳሪ አካውንት ነው። ያቺ የተደበቀች ወንበርም በእንግዳ ትያዛለች። የጓሮውን በር ቁልፍ ለመንገደኛ ሰጥቶ ቤቱ ሲቃጠል አጥር ላይ መንጠላጠል ማለት ይህ ነው።

ወንበሩ ሲያልቅ ማይኤስኪውኤል ስሕተት ቁጥር 1040 ብሎ «ቱ ሜኒ ኮኔክሽንስ» ይላል። ፖስትግሬስ ጨዋ ነው፤ «ሶሪ» ብሎ ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚመልሰው። በወርድፕረስ የተሠራ ገጽ ከሆነ ደግሞ ጎብኚው ነጭ ገጽ ላይ ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም የምትል አንዲት መስመር ያያል። ድሮ ይህ ሁሉ በአማርኛ አንድ ስም ነበረው፤ «መስመሩ ተይዟል»። ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ችግሩ ይታወቃል፤ ደዋዩ ብዙ፣ መስመሩ ጥቂት። ዴንማርካዊው ኤርላንግ ለኮፐንሃገን ስልክ ድርጅት ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1909፣ ስለ ስልክ ጥሪዎች አመጣጥ የጻፈው ስሌት የዛሬው የሰልፍ ሂሳብ መነሻ ነው። ስንት መስመር ቢኖር ስንት ሰው «ተይዟል» ይባላል? ጥያቄው ዛሬም ያው ነው።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማሠልጠኛ ተቋም የምዝገባ ድረ ገጽ እንድንሠራለት ቀጠረን። ምዝገባው የሚከፈተው ሰኞ ጠዋት በ2 ሰዓት ነበር። 2 ሰዓት ከ10 ላይ ስልኬ ጮኸ። «ዌብሳይቱ አልከፍት አለ!» ሎጉን ስከፍት ከላይ እስከ ታች 1040፣ 1040፣ 1040። እንደማንኛውም የቸኮለ ሰው 151ዱን ወደ 1,000 ከፍ አደረግሁት። ማይኤስኪውኤል ይህን ሳይጠፋ፣ እየሠራ ይቀበላል፤ ፖስትግሬስ ቢሆን ሪስታርት ይጠይቀኝ ነበር። ገጹ ተከፈተ። ለአሥር ደቂቃ ያህል ጀግና ነበርኩ።

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ሁሉም ነገር ጠፋ። ሰርቨሩ የነበረው ሜሞሪ 8 ጊጋባይት ነው። የጨመርኳቸው ወንበሮች አንድ በአንድ ሲያዙ ሜሞሪው አለቀ። ሊኑክስ ደግሞ ሜሞሪ ሲያልቅበት ብዙ የያዘውን መርጦ ይገድላል፤ በዚያች ሰዓት ብዙ የያዘው ዳታቤዙ ራሱ ነበር። ቅድም ቢያንስ ዕድለኛው ይገባ ነበር፤ አሁን የሚገባ የለም። አስነሳሁት፤ በሰባት ደቂቃ ውስጥ እንደገና ሞላ። ደንበኛችን በሌላ መስመር ይጮኻል። የተቋሙ በር ላይ በአካል የመጡ ተመዝጋቢዎች መሰለፍ ጀምረዋል።

መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያኔ አደረግሁ፤ እነማን እንደተቀመጡ አየሁ። ማይኤስኪውኤል ላይ «ሾው ፕሮሰስሊስት» የምትባል ትእዛዝ አለች፤ በወንበሩ ላይ ያለውን ሁሉ ስም፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እየሠራ እንደሆነና ስንት ሰከንድ እንደቆየ በዝርዝር ታወጣለች። ፖስትግሬስም የራሱ አለው። ዝርዝሩ ሲወርድ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከመቶ በላይ መስመር፣ ከጎናቸው «ስሊፕ»፣ «ስሊፕ»፣ «ስሊፕ»። 22 ሰከንድ፣ 31 ሰከንድ፣ 28 ሰከንድ። እየሠሩ ያሉት ሦስት ብቻ ነበሩ። አዳራሹ ሞልቷል ተብሎ በር የተዘጋው በተኙ ሰዎች ነው።

ለምን ተኙ? ኮዱን ከፈትኩ። ትራንዛክሽን፣ ማለትም አንድ ላይ የሚጸድቅ የዳታቤዝ ሥራ፣ ይጀምራል፤ የተመዝጋቢውን ስም ያስገባል፤ ከዚያ «ምዝገባዎ ተሳክቷል» የሚል አጭር መልእክት ወደ ስልኩ ይልካል፤ መልእክት የሚያደርሰው ድርጅት «ደርሶኛል» እስኪል ይጠብቃል፤ ከዚያ ትራንዛክሽኑን ይዘጋል። በሙከራ ጊዜ ያ መልስ በግማሽ ሰከንድ ይመጣ ነበር። በዚያች ሰኞ ግን ሠላሳ ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ ምክንያቱም ወደዚያ ድርጅት መልእክት እየጎረፈ ያለው ከእኛው ነው! ዳታቤዙ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚሠራው ነገር የለም። ወንበሩ ግን ተይዟል፤ ይባስ ብሎ የተከፈተው ትራንዛክሽን የቆለፋቸው መዝገቦች ሌላውን ያስጠብቃሉ።

በመስኮቱ ቁልቁል ሳይ ነገሩ ግልጽ ነው። ተራው የደረሰ ታክሲ ሰው ሞልቷል። ረዳቱ «መጣሁ!» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ገባ። ታክሲው ከተራው አልተነቃነቀም፤ ከኋላው ያሉት መግባት አልቻሉም፤ ሰልፉ ይረዝማል። የኔ መፍትሔ ምን ነበር? ከሌላ ተራ ተጨማሪ ታክሲ ጠርቶ አደባባዩን መዝጋት።

መድኃኒቱ አራት መስመር ኮድ ማዛወር ነበር። ትራንዛክሽኑ መጀመሪያ ይዘጋል፤ መልእክቱ በሰልፍ ይቀመጣል፤ ሌላ ሠራተኛ ፕሮግራም በጀርባ እየለቀመ ይልካል። መልእክቱ አንድ ደቂቃ ቢዘገይ ማንም አይሞትም። ገደቡን ወደ 151 መለስኩት።

ይህ በሽታ የኔ ብቻ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያን ከድረ ገጽ ጋር ማያያዝ ተለምዷል፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን እያንዳንዱ ገጽ አሁን ውጭ ያለ ሌላ ድርጅት መልስ ይጠብቃል፤ ክፍያ፣ መልእክት፣ መታወቂያ ማረጋገጫ። ውጭ ያለው የሚመልሰው በራሱ ሰዓት ነው። የውጭ መልስ እየጠበቁ የዳታቤዝ ወንበር ይዞ መቀመጥ፣ እኔ ካየኋቸው «ሲስተም የለም»ዎች ውስጥ አንደኛውን ቦታ ይወስዳል። ማይኤስኪውኤል ዝም ብሎ የተቀመጠን ሰው በራሱ የሚያስነሳው ከ28,800 ሰከንድ በኋላ ነው። 8 ሰዓት! አንድ ሙሉ የመንግሥት የሥራ ቀን። ይህን ቁጥር ወደ ጥቂት ደቂቃ ማውረድ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሲሠራ ግን ብዙ ጊዜ አላየሁም። ፖስትግሬስም ትራንዛክሽን ከፍቶ የተኛን የሚያባርር መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አለው፤ ከመጀመሪያው ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ የሚያበራው ባለቤቱ ነው።

ሰው ስለ መጨናነቅ ሲያስብ የሚያስበው ስለ ሰው ብዛት ብቻ ነው። ሂሳቡ ግን ሌላ ነገር ይላል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተማረው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ሕግ አጭር ነው፤ በአንድ ጊዜ ውስጥ ያለው ሰው ብዛት ማለት በሰከንድ የሚገባው ሰው ሲባዛ እያንዳንዱ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ለዳታቤዝ እንተርጉመው፤ የሚያስፈልገው ወንበር በሰከንድ ከሚመጣው ጥያቄና እያንዳንዱ ወንበሩን ከሚይዝበት ጊዜ ይገኛል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

በአገራችን ለዚህ ሂሳብ የ12ኛ ክፍል ውጤት ከሚወጣበት ምሽት የተሻለ ምሳሌ የለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2016 ትምህርት ሚኒስቴር የዓመቱን ውጤት ሲገልጽ ፈተናውን ከወሰዱት 674,823 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 36,409፣ ማለትም 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው ተነገረ። ውጤት የሚታየው በድረ ገጽ፣ በአጭር መልእክትና በቴሌግራም ቦት ነው። ጎረቤቴ ያን ጊዜ ተፈታኝ ልጅ ነበራት። ውጤት ይለቀቃል በተባለበት ምሽት ሳሎናቸው ውስጥ ስልክ ያልያዘ ሰው አልነበረም። እናት፣ አባት፣ ታላቅ ወንድም፣ ራሷ ተፈታኟ፤ ዱባይ ያለችው አክስት ደግሞ በዋትስአፕ «እስቲ ቁጥሯን ላኩልኝ፣ እኔም ልሞክር» ትላለች። አንድ የመለያ ቁጥር፣ አምስት ስልክ። አንዱ ገና እየከፈተ ሳለ ሌላው «እንደገና ነካው» ይላል። ይህን ሳይ የታየኝ ተማሪዋ ሳትሆን ሰርቨሩ ነው፤ የሙያ በሽታ ነው መቼስ።

እንግዲህ እናስላ። ከተፈታኞቹ ግማሹ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ቢመጣና እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ቢሞክር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥያቄ ይሆናል፤ በሰከንድ 1,687 ገደማ። አስፈሪ ይመስላል። እያንዳንዱ ጥያቄ የዳታቤዙን ወንበር ለ20 ሚሊሰከንድ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ወንበር 34 ነው። ሠላሳ አራት! ማንም ያልነካው የፖስትግሬስ 97 ይበቃል፤ ይተርፋልም። ያው ጥያቄ ወንበሩን ለ2 ሰከንድ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ 3,374 ወንበር ይፈልጋል። ይህን ማንም አያቀርብም። ሰዉ ያው ነው፤ ቀኑ ያው ነው፤ የተለወጠው አንዱ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

ከ20 ሚሊሰከንድ ወደ 2 ሰከንድ የሚያደርሰው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢምንት ነው። አንዱን ላሳይ፤ ምክንያቱም ሦስት ጊዜ አግኝቼዋለሁና። የመለያ ቁጥሩ በዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው እንደ ጽሑፍ ነው። ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ ማውጫ፣ ኢንዴክስም አለው፤ ባለሙያው አልረሳም። ፕሮግራሙ ሲጠይቅ ግን ቁጥሩን ያለ ጥቅስ ምልክት፣ እንደ ተራ ቁጥር ይልከዋል። ማይኤስኪውኤል ጽሑፍን ከቁጥር ጋር ለማነጻጸር እያንዳንዱን መዝገብ ወደ ቁጥር መለወጥ ይኖርበታል፤ ስለዚህ ኢንዴክሱን ትቶ ሰንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ያነባል። መልሱ ትክክል ነው፤ ለዚህም ነው በሙከራ ጊዜ ማንም የማይነቃው። አምስት መቶ መዝገብ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ስድስት መቶ ሺህ ላይ ሁለት የጥቅስ ምልክት አገር ያቆማል።

ቀጥሎ ያለው መፍትሔ በሙያው ፑል ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ጎብኚ በመጣ ቁጥር ከዳታቤዙ ጋር አዲስ ትውውቅ ከማድረግ፣ ጥቂት ኮኔክሽኖችን ከፍቶ ማቆየት፤ የመጣው ይጠቀማል፣ ይመልሳል፣ ቀጣዩ ይወስዳል። መገናኛ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ተራ አስከባሪው ነው። ታክሲዎቹን አያበዛም፤ የሰልፉን ራስ ከቀረበው ታክሲ ጋር ያገናኛል። ለፖስትግሬስ በዚህ ሥራ የታወቀው ፒጂባውንሰር ነው፤ የተወለደው ስካይፕ ቤት ነው። ለማይኤስኪውኤል ፕሮክሲኤስኪውኤል አለ። ጃቫ የሚጽፉ ሂካሪሲፒን ያውቁታል፤ እሱ ከመጀመሪያው የሚከፍተው 10 ኮኔክሽን ብቻ ነው። «አሥር ብቻ?» ብለው ወዲያው መቶ የሚያደርጉት ብዙ ናቸው።

ትንሽ መሆኑ ግን ሆን ተብሎ ነው። የፖስትግሬስ ሰዎች ለመነሻ የሚሰጡት ግምት የፕሮሰሰሩን ኮር በሁለት አባዝቶ የዲስኮቹን ቁጥር መጨመር ነው፤ 4 ኮርና አንድ ዲስክ ላለው ሰርቨር 9። የኦራክል የአፈጻጸም ባለሙያዎች በአንድ የታወቀ ማሳያ ላይ ሌላ ምንም ሳይነኩ የፑሉን መጠን ከ2,048 ወደ 96 ሲያወርዱት የምላሹ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ ገደማ ወደ 2 ሚሊሰከንድ ገደማ ወረደ። ወንበር ሲቀነስ አዳራሹ ፈጠነ። ለምን ቢባል፣ አራት ኮር በአንድ ቅጽበት የሚሠራው አራት ሥራ ነው። ሁለት ሺህ ሰው አንድ ላይ ሲጮህበት ጊዜውን የሚያጠፋው ከአንዱ ወደ አንዱ በመዞርና ቁልፍ በመጠባበቅ ነው። ጥያቄዎቹ ውጭ፣ በሰልፍ ቢጠብቁ ሁሉም ቶሎ ይደርሳቸዋል። ይህን ለሥራ አስኪያጅ ማስረዳት ከባድ ነው፤ «ችግር አለ፣ አንተ ደግሞ ትቀንሳለህ?» ይልሃል።

ፒጂባውንሰር በሦስት ዓይነት ይሠራል፤ ወንበሩን እንግዳው እስኪወጣ፣ አንድ ትራንዛክሽን እስኪያልቅ፣ ወይም አንድ ጥያቄ እስኪመለስ የሚሰጥ። ለድረ ገጽ የሚጠቅመው መካከለኛው ነው። ዋጋ አለው፤ ሴሽን ላይ የሚቀመጥ ቅንብር ከአንዱ እንግዳ ወደ ሌላው ሊያልፍ ወይም ሊጠፋ ይችላል። አስቀድመው የተዘጋጁ ጥያቄዎችን በዚህ ዓይነት መደገፍ የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ከዚያ በፊት የተጫነ ካለ ይታይ።

ፑል ያለው ሁሉ ግን ድኗል ማለት አይደለም፤ ማባዛት አለ። አንዱ ባልደረባዬ «የኛ ፑል 20 ብቻ ነው፣ እንዴት 400 ወንበር ይሞላል?» አለኝ። ስንት ሰርቨር? ስድስት። በእያንዳንዱ ስንት ዎርከር፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠራ የፕሮግራሙ ቅጂ? አራት። ፑሉ የሚከፈተው በየዎርከሩ ነው፤ 6 በ4 በ20፣ 480። አዲስ ቨርዥን ሲጭኑ አሮጌውና አዲሱ ለጥቂት ደቂቃ አብረው ሲቆሙ ደግሞ 960። ሌሊት ሲሠራ የቆየው ሪፖርትና የአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ተከፍቶ የተረሳው መስኮት በላዩ ይጨመራል። የሚያስቸግረው እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ሲታይ ጨዋ መሆኑ ነው።

ለከተማችን ሰው ማስረዳት የማያስፈልገው አንድ ሌላ አጋጣሚም አለ፤ መብራት ወይም ኢንተርኔት ሄዶ ሲመለስ። ሁሉም ቅርንጫፍ፣ ሁሉም ስልክ፣ ሁሉም ፕሮግራም በአንዲት ሰከንድ በር ያንኳኳል። ያልገባው ወዲያው እንደገና ይሞክራል፤ ሙከራው ራሱ ሌላውን ያስወጣል። ሰርቨሩ ከመጥፋቱ ይልቅ መነሣቱ ያደክመዋል። መላው የታወቀ ነው፤ ፕሮግራሙ ያልተሳካለትን ሙከራ በየጊዜው እያራዘመ፣ በዘፈቀደ ሰከንድ እየለያየ ይድገም። ሁሉም በአንድ ፊሽካ እንዳይሮጥ።

እና ሲሞላ ምን ይደረግ? ሪስታርት አይደረግ፤ ቢያንስ መጀመሪያ አይደረግ። ሪስታርት ወንበሩን ባዶ ሲያደርግ ማስረጃውንም ይጠርጋል፤ ችግሩ በሰባት ደቂቃ ሲመለስ እንደኔ ባዶ እጅህን ትቀራለህ። በአስተዳዳሪው በር ግባና ዝርዝሩን ቅዳ። አብዛኛው የተኛ ከሆነ ችግሩ ፕሮግራሙ ውስጥ ነው፤ ያልተመለሰ ኮኔክሽን፣ ያልተዘጋ ትራንዛክሽን፣ የውጭ መልስ መጠበቅ። አብዛኛው እየሠራ ከሆነና አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ከታየ ያ ጥያቄ ቀርፋፋ ነው፤ ኢንዴክሱን እይ። ሁሉም ቁልፍ እየጠበቀ ከሆነ ቁልፉን የያዘው አንድ ሰው ነው፤ እሱን ፈልገህ አስነሣው፣ ሌላው ራሱ ይለቃል። ሁሉም ፈጣን ሆኖ፣ ማንም ሳይተኛ ከሞላ፣ ያኔ በእውነት ሰው በዝቷል፤ ገደቡን መጨመር ወይም ማሽኑን ማሳደግ ተገቢ ነው። እኔ ይህን የመጨረሻውን ያገኘሁት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። በተከራየ የጋራ ሆስቲንግ ላይ ያለ ደግሞ የሚመታው የሰርቨሩ ገደብ ሳይሆን ለእሱ ለብቻው የተሰጠው ነው፤ የስሕተቱ ቁጥርም የተለየ፣ 1203 ነው። ለያይቶ ማንበብ ግማሽ ቀን ያተርፋል።

ይህ የድሃ አገር ችግር ነው የሚል ካለ አሜሪካን ይይ። የጤና መድን መመዝገቢያው ሄልዝኬር ዶት ገቭ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን ምዝገባቸውን መጨረስ የቻሉት 6 ሰዎች ናቸው። ብልሽቱ ብዙ ዓይነት ነበር፤ አንዱ ዋጋ ማየት ብቻ የፈለገውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ አካውንት ክፈት ማለቱ ነው፤ መመልከት የሚበቃው ሰው ሁሉ ዳታቤዝ ላይ እንዲጽፍ ተገደደ። ለማዳን የተጠሩት ባለሙያዎች ቀድመው ከወሰዷቸው እርምጃዎች አንዱ ዘወትር የሚጠየቀውን መረጃ ካሽ አድርጎ፣ ማለትም በቅርብ አስቀምጦ፣ ዳታቤዙን ማሳረፍ ነበር፤ ገጹ የሚከፈትበት ጊዜ ከ8 ሰከንድ ወደ 2 ወረደ።

ወደ ፈተናው ልመለስና አንድ ነገር ደፍሬ ልበል። የውጤት ገጽ በዚያ ምሽት ዳታቤዝ ጭራሽ አያስፈልገውም። ውጤት ከወጣ በኋላ አይለወጥም፤ ተማሪው ያነባል እንጂ አይጽፍም። ቀኑም ድንገት የሚመጣ አይደለም። ከዋዜማው ለእያንዳንዱ ተፈታኝ አንዲት ትንሽ ገጽ አዘጋጅቶ ፋይል አድርጎ ማስቀመጥ ይቻላል። አንዷ ሁለት ኪሎባይት ብትሆን 674,823ቱ አንድ ላይ 1.35 ጊጋባይት ገደማ ናቸው፤ ተማሪዋ ከያዘችው ስልክ ሜሞሪ ያንሳል። ሙሉውን አንድ ተራ ሰርቨር ራሱ ላይ ይዞ ሊያድል ይችላል። የፋይሉ ስም ከመለያ ቁጥሩ ሌላ ተጨማሪ ምሥጢር ይኑረው፤ ያለዚያ ሰፈሩ ሁሉ የሰፈሩን ልጅ ውጤት ቁጥር እየቀያየረ ያያል። ቅሬታ ማቅረቢያው፣ ምርጫ መሙያው ዳታቤዝ ይፈልጋል፤ እነሱ በሌላ በር፣ በሌላ ቀን ይከፈቱ። ብዙ ጊዜ ከኮኔክሽን ጋር የምንታገለው ዳታቤዝ የማያስፈልገውን ሥራ ለዳታቤዝ ስለሰጠን ነው።

ያ ማሠልጠኛ ተቋም ዛሬም ደንበኛችን ነው። በቅርቡ ደግሞ ምዝገባ ከፍተው ነበር፤ ሰኞ ጠዋት፣ ያው 2 ሰዓት። ማይኤስኪውኤል ከተነሣ ጀምሮ በአንድ ጊዜ ከፍተኛው ስንት ወንበር እንደተያዘ የሚመዘግብበት አንድ ቆጣሪ አለው። ቀኑን ሙሉ ሻይ እየጠጣሁ አየሁት። ገደቡ አሁንም 151 ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ቆጣሪው 23 ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔም ኮምፒውተሬን ዘግቼ የኮተቤን ሰልፍ ያዝኩ።